ከአባያ ዳርቻ በውርወራ ዓሣ ለማጥመድ የሚሽከረከር ሪል አመራረጥ፦ ለሁምቦ ቆላ የተደረገ የስሌት ጥናት

መግቢያ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ተበላ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያለው መሬት እየቆላ ሄዶ አባያ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ሐይቁ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁ፣ ከጣና ቀጥሎም በኢትዮጵያ ሁለተኛው ነው። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 በንግሥታቸው ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር፤ ስያሜው በአሮጌ ካርታዎች ላይ ቀረ እንጂ ከዳርቻው ሕዝብ አፍ አልገባም። በሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ባግረስና ናይል ፐርች ይገኛሉ። የሚሰገሩትም በአብዛኛው በቆመ መረብና ብዙ መንጠቆ በተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ነው። ሁለቱም ታንኳን የሚጠይቁ ናቸው፤ ታንኳ የሌለው ሰው መረቡን ወይም ገመዱን ለመዘርጋት በእግሩ ወደ ውኃው መግባት ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ታንኳም መረብም የሌለው፣ ከዳር ቆሞ የሚያጠምድ ሰው በባሕር ዳርቻ አገሮች ለማዕበል ዳር ማጥመድ የሚያገለግለውን ዘንግና የሚሽከረከር ሪል ቢይዝ ይጠቅመዋልን? ከጠቀመውስ ምን ዓይነቱ? ገበያው የሚያቀርባቸው መሣሪያዎች የተሠሩት ለአባያ አይደለም። ሻጩ የሚያሞግሳቸው ባሕርያት፣ ማለትም የውርወራ ርቀት፣ የጨው መከላከያና የጥቅለላ ፍጥነት፣ በአንድ የውቅያኖስ ዳርቻ ተለክተው የመጡ ናቸው። ስለዚህ እነዚህን መመዘኛዎች አንድ በአንድ ወደ አባያ ዳርቻ አምጥቶ በቀላል የሜካኒክስ ስሌት መፈተን ያስፈልጋል። የሚከተለው ሥራ የስሌትና የንጽጽር ሥራ ነው፤ የተወሰዱት ግምቶች በየቦታቸው ተገልጸዋል፤ አንባቢ በራሱ መሣሪያ ልኬት ተክቶ ሊያሰላቸው ይችላል።

የሁለት ሪሎች ልዩነት

የማጥመጃ ሪል አዲስ ነገር አይደለም። ቻይናዊው ሠዓሊ ማ ዩዋን እ.ኤ.አ. በ1195 ገደማ በሣለው ሥዕል ላይ በታንኳ የተቀመጠ አጥማጅ ዘንጉ ላይ የክር መጠቅለያ ይዞ ይታያል። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ጆርጅ ስናይደር የተባለ የሰዓት ሠሪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ከበሮው ብዙ ጊዜ የሚዞርበትን በጥርስ የሚሠራ ሪል አበጀ። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመው አቡ የተባለው ፋብሪካም ከሰዓትና ከታክሲ ቆጣሪ ሥራ ተነሥቶ ነው ወደዚህ ሙያ የገባው። የሚሽከረከር ሪል የሰዓት ሠሪዎች ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ለአሸዋና ለጭቃ ያለው ትዕግሥት ማነስም ከዚሁ ዘሩ የመጣ ይመስላል።

ሪሎች በሁለት ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ዓይነት ክሩ የተጠመጠመበት ከበሮ፣ ልብስ ሰፊዎች ሮኬት የሚሉትን የመሰለው፣ በውርወራ ጊዜ አይንቀሳቀስም፤ ክሩ ከጫፉ ላይ እየተፈታ እንደ ጥቅልል ይወጣል። ይህን ዓይነት እንግሊዛዊው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1905 በፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግቦታል። በሁለተኛው ዓይነት ከበሮው ራሱ ከክሩ ጋር ይሽከረከራል። የጽሑፉ ዋና ጉዳይ ሁለተኛው ቢሆንም፣ የመጀመሪያውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አጥማጁን ማሳሳት ይሆናል። የቆመ ከበሮ ለጀማሪ እጅግ ይቀላል፤ ክሩ አይወሳሰብበትም ለማለት ያስደፍራል። ነገር ግን ወፍራም ክር ሲጠመጠምበት ጥቅልሎቹ ትልልቅ እየሆኑ ከዘንጉ ቀለበቶች ጋር ይጋጫሉ፤ ርቀቱም ይቀንሳል፤ ክሩም በየጊዜው እየተጠማዘዘ ይዳከማል። የሚሽከረከረው ከበሮ ወፍራም ክር ያለ ችግር ይለቃል፣ ቀጥ አድርጎም ይጠቀልላል። ስለዚህ ከ0.35 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ክር ለቆሮሶና ለትንሽ አምባዛ የሚጠቀም ሰው የሚሽከረከር ሪል መግዛት አያስፈልገውም። ጥያቄው የሚነሣው 0.45 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ክር ለሚጠይቁት ለትልልቅ አምባዛና ለናይል ፐርች ነው። የናይል ፐርች ነገር ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በግብፅ ናስር ሐይቅ በዘንግ የተያዘው 104 ኪሎ ግራም መዝኗል።

ርቀት በአባያ ምን ይጠቅማል?

በውቅያኖስ ዳርቻ አጥማጁ ከሚሰበረው ማዕበል ጀርባ ወዳለው ጥልቅ ቦይ መድረስ ይፈልጋል። ለዚህም 100 ሜትርና ከዚያ በላይ መወርወር ዋጋ አለው፤ የሪሎቹ ንድፍም ሁሉ ወደዚህ ያዘነበለ ነው። አባያ ግን ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ በተደረጉ ልኬቶች ከፍተኛው ጥልቀቱ 13 ሜትር ገደማ፣ አማካዩም 7 ሜትር ገደማ ነው። በዝግታ በሚጎደጉድ ዳርቻ ላይ ከ50 ሜትር ወደ 100 ሜትር መሻገር ብዙውን ጊዜ የጥልቀት ልዩነት አያመጣም። ዓሣው የሚመገበው በሣሩ ጠርዝ፣ በወንዞች መግቢያና በሰመጡ ዛፎች አካባቢ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሐይቁ ውኃ ከፍ በማለቱ ቀድሞ በየብስ የነበሩ ዛፎች በዳርቻው ውኃ ውስጥ ቆመዋል። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው ርቀት ከ40 እስከ 60 ሜትር የሚሆን፣ ነገር ግን በትክክል የሚያርፍ ውርወራ ነው። ለዚህ ልክ የተሠራ መካከለኛ ሪል ከትልቁ ይልቅ ርካሽ፣ ቀላልና ለመቆጣጠር የሚመች ይሆናል።

ርቀት ሌላ ጥቅም አለው፤ እሱም ከውኃው ወዲህ ያለው ርቀት ነው። በአባያ የናይል አዞና ጉማሬ በብዛት ይኖራሉ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በሐይቁ ዳር የጥምቀት ሥርዓት ይመሩ የነበሩ መጋቢ በአዞ ሕይወታቸው ማለፉ በአገር ውስጥም በውጭም ተዘግቧል። አዞ የሚያጠቃው በአብዛኛው ከውኃው ጠርዝ አድፍጦ ነው፤ ጥልቀት በሌለውና በደፈረሰ ውኃ ሊታይ አይችልም። የእጅ ክር የሚወረውር ሰው ርቀት ለማግኘት ሲል ጉልበቱ ድረስ ወደ ውኃ ይገባል። ከ3 እስከ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ የያዘ ሰው ግን ከጠርዙ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ቆሞ ያንኑ ቦታ ይመታል። በጸሐፊው እምነት ለዚህ አካባቢ ዘንግና ሪል የሚመረጥበት ቀዳሚ ምክንያት ይህ ነው፤ የዓሣው ብዛት ሁለተኛ ነው። በብዛትማ መረብን የሚስተካከለው የለም።

የከበሮው ፍጥነትና የክር መወሳሰብ

የሚሽከረከር ሪልን አዲስ ሰው የሚፈራው ክሩ በከበሮው ላይ እንደ ወፍ ጎጆ ስለሚወሳሰብበት ነው። ይህ የሚሆንበት ምክንያት በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። 100 ግራም የሚመዝን ማስመጫ በሰከንድ 35 ሜትር ፍጥነት ተለቀቀ እንበል። ክሩ የሞላበት ከበሮ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 12.6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከበሮው ክሩን በዚያ ፍጥነት ለመልቀቅ በሰከንድ 278 ጊዜ፣ በደቂቃም 16,700 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። በአውራ ጎዳና ላይ የሚሄድ መኪና ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ ይህች ትንሽ ከበሮ ከአምስት እጥፍ በላይ ትፈጥናለች ማለት ነው። ከበሮው 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዙሩ ወደ 13,400 ይወርዳል።

ችግሩ የሚፈጠረው ማስመጫው በአየር ግጭት ፍጥነቱን እየቀነሰ ሲሄድ ከበሮው በያዘው ጉልበት መዞሩን ስለሚቀጥል ነው። ማስመጫው ከሚወስደው በላይ ክር ይለቀቃል፤ የተረፈው ይላላል፤ የላላው ይጠመጠማል። ከበሮው የሚይዘውን ጉልበት እንገምት። 0.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 250 ሜትር የናይለን ክር 24 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ይዘት አለው፤ ክብደቱም 27 ግራም ገደማ ነው። ክሩ በሙሉ በላይኛው ንብርብር ፍጥነት ይዞራል ብንል እንኳ የሚይዘው ጉልበት ከ17 ጁል አይበልጥም፤ የውስጡ ንብርብር በዝግታ ስለሚዞር እውነተኛው ከዚህ ያንሳል። ማስመጫው የሚይዘው ደግሞ 61 ጁል ነው። እንግዲህ በከበሮው ላይ ያለው ክር ብቻውን፣ የከበሮው ብረት ሳይጨመር፣ ከማስመጫው ጉልበት ሩብ የሚጠጋ ሊይዝ ይችላል። ከዚህ የሚወጣው ምክር ለብዙ ገዢ እንግዳ ነው፦ ብዙ ክር የሚይዝ ትልቅ ከበሮ ጸጋ ሳይሆን ሸክም ሊሆን ይችላል። ለ60 ሜትር ውርወራ 400 ሜትር ክር መጠምጠም ፍሬኑን በከንቱ ማድከም ነው።

ስንት ክር ይበቃል? አንድ ከበሮ 0.35 ሚሊ ሜትር ክር 250 ሜትር የሚይዝ ከሆነ፣ የክሩ ስፋት በካሬ ስለሚቆጠር 0.45 ሚሊ ሜትር ክር 151 ሜትር፣ 0.50 ሚሊ ሜትር ደግሞ 122 ሜትር ይይዛል። 60 ሜትር ተወርውሮ ሌላ 90 ሜትር ለዓሣው ሩጫ የሚተርፍበት የመጀመሪያው ልክ ለአባያ ዳርቻ በቂ ነው። በካታሎግ ላይ ያለው የክር መጠን በሌላ ውፍረት ተጽፎ ሲገኝ ገዢው በዚሁ መንገድ ሊያሰላው ይገባል።

ፍሬን፦ መግነጢስ ወይስ የመካከል ሽሽት?

ከበሮውን ለመግታት አምራቾች ሁለት መንገድ ይጠቀማሉ፤ የአጥማጁ አውራ ጣት ሦስተኛው ነው፤ እርሱንም የሚተካው የለም። በአንደኛው፣ በከበሮው ጎን ያሉ ትናንሽ ጫማዎች በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ውጭ ተገፍተው ከቀለበት ጋር ይፋተጋሉ። የሚገፋቸው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ በውርወራው መጀመሪያ በብርቱ ይይዛሉ፣ ወደ መጨረሻው ለቀቅ ያደርጋሉ። በሌላው ዓይነት ከበሮው በመግነጢሶች አጠገብ ሲዞር በብረቱ ውስጥ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ይህ ግታት ከፍጥነቱ ጋር በተመጣጠነ መንገድ ስለሚቀንስ እስከ ውርወራው ፍጻሜ ድረስ ይሰማል፤ የሚነካካ አካል ስለሌለውም አያልቅም።

ለአባያ መግነጢሳዊው ይመረጣል፤ ምክንያቶቹም ሁለት ናቸው። አንደኛው ነፋስ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ይልቅ ስለሚሞቅ አየሩ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የሚወረውር ሰው ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ነው የሚወረውረው። ማስመጫው ከወትሮው ቀድሞ ይዘገያል፤ ውስብስቡም የሚመጣው በመካከልና በመጨረሻው ላይ ነው። የመግነጢሱን ግታት ከውጭ ባለ ቁልፍ በአንድ ጣት መጨመር ይቻላል፤ ጫማዎቹን ለመቀየር ግን በብዙዎቹ ሪሎች ጎኑን መክፈት ያስፈልጋል፤ በጭቃማ ዳርቻ ላይ ሪል መክፈት ደግሞ የሚመከር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ድንጋይ ነው። የማጥመጃ እርሳስ ውድ ከመሆኑም በላይ መርዛማ ነው፤ በዛፎች መካከል ተይዞ ሲቀርም በሐይቁ ወለል ይከማቻል። በአካባቢው የሞላው ድንጋይ ሊተካው ይችላል፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። 100 ግራም እርሳስ 8.8 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን፣ የተለመደ እፍግታ ያለው 100 ግራም ድንጋይ 37 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል። ቅርጻቸው ተመሳሳይ ቢሆን ድንጋዩ አየሩን የሚገጥምበት ገጽ 2.6 እጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ ድንጋይ በአየር ላይ ፈጥኖ ይዘገያል፤ በእርሳስ የተስተካከለ ፍሬን በድንጋይ ሲወረወር መወሳሰቡ አይቀርም። ይህን የሚያውቅ አጥማጅ ግታቱን ጨምሮ፣ ርቀቱን ጥቂት መሥዋዕት አድርጎ፣ ድንጋዩን በነፃ ይጠቀማል። ድንጋዩን ከዋናው ክር በቀጠነ ክር ማሰር ሌላ ጥቅም አለው፤ በሰመጠ ግንድ ሲያዝ የሚበጠሰው ያ ቀጭን ክር ብቻ ይሆናል፤ ዓሣው፣ መንጠቆውና ዋናው ክር ይተርፋሉ፤ የተቆረጠ ናይለንም በውኃው ውስጥ አይቀርም።

የማርሽ ጥመርታ

የሪል ሻጮች ከፍ ያለ ጥመርታን ያስቀድማሉ፤ 7 ለ 1 የተባለው ከ5.3 ለ 1 ይበልጣል፣ ይኸኛውም ከ4 ለ 1 ይበልጣል ይላሉ። ከፍ ያለ ጥመርታ ፍጥነት ይሰጣል። በ40 ሚሊ ሜትር ከበሮ አንድ የእጀታ ዙር በ4 ለ 1 ግማሽ ሜትር፣ በ5.3 ለ 1 ደግሞ 67 ሳንቲ ሜትር፣ በ7 ለ 1 88 ሳንቲ ሜትር ክር ይጠቀልላል። ይሁን እንጂ ፍጥነት ከኃይል ተቆርጦ የሚገኝ ነው። የእጀታው ክንድ 60 ሚሊ ሜትር፣ የእጁ ግፊት 50 ኒውተን ቢሆን፣ ግጭቱን ትተን ክሩ ላይ የሚደርሰው ኃይል በ7 ለ 1 ከ21 ኒውተን፣ በ5.3 ለ 1 ከ28፣ በ4 ለ 1 ከ37 ኒውተን ጥቂት ከፍ ይላል። በኪሎ ግራም ስንተምነው 2.2፣ 2.9 እና 3.8 መሆኑ ነው።

ፈጣን ጥመርታ የተፈለገው የብረት ማታለያ ዓሣ በፍጥነት እየጎተቱ ለሚያጠምዱ ነው። ይህ ዘዴ ዓሣው ማታለያውን እንዲያየው ይጠይቃል። አባያ ደግሞ በውስጡ በተንሳፈፈ ደቃቅ የሸክላ አፈር ቀይ ቡናማ የሆነ ሐይቅ ነው። ከቢላቴና ከሌሎች ወንዞች ጋር የሚወርደው አፈር የደጋው ማሳ አፈር ነው። በሁምቦ 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ ከጉቶው እንዲያገግም የተደረገበት ሥራ በዓለም የሚታወቀው በካርቦን ሽያጩ ቢሆንም፣ ለሐይቁ የሚጠቅመው አፈሩን በማስቀረቱ ይመስለኛል። ለጊዜው ግን ውኃው ድፍርስ ነው፤ በድፍርስ ውኃ አምባዛ በጢሙና በማሽተት፣ ናይል ፐርችም ከዓይኑ ይልቅ በጎኑ በሚሰማው የውኃ እንቅስቃሴ ይመራል። ስለዚህ የሚሠራው የዓሣ ሥጋ ወይም ሌላ ማጥመጃ ምግብ በወለሉ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። ለሚጠብቅ ሰው ፍጥነት ምንም አይፈይድለትም።

ኃይል ግን የሚያስፈልግበት አንድ ወሳኝ ደቂቃ አለ፤ ዓሣው ከውኃው ሲወጣ። በዳር የሚያጠምድ ሰው ሁሉ በዚህ ሰዓት ወደ ዓሣው ይሮጣል፤ አደጋውም ያን ጊዜ ነው፤ የሚንፈራገጥ ዓሣ አዞን ይጠራልና። ትክክለኛው ሥራ ዓሣውን ወደ ራስ መሳብ እንጂ ወደ ዓሣው መሄድ አይደለም። 10 ኪሎ ግራም ዓሣ በጭቃማ ዳርቻ ላይ ለመጎተት፣ የግጭት ተባዡን 0.5 ብንወስድ፣ 49 ኒውተን ማለትም 5 ኪሎ ግራም የሚያህል ኃይል ይጠይቃል። ከላይ ካሰላናቸው ጥመርታዎች አንዳቸውም በእጀታ ብቻ ይህን አይሰጡም። 4 ለ 1 የተሻለ ይቀርባል፤ የቀረውን አጥማጁ ከበሮውን በአውራ ጣቱ ይዞ፣ ዘንጉን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ኋላ በመራመድ ይሞላል። 0.45 ሚሊ ሜትር ክር በጥሩ ሁኔታው 12 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል፤ ናይለን ሲርስ በመጠኑ ቢደክምም ለዚህ ይበቃል። ጓደኛ አብሮ ቢኖር የሚቀመጠው ውኃውን እያየ እንጂ ዓሣውን እያየ መሆን የለበትም።

ፍሪሲዮን

የጋራዥ ሰው የሪልን ውስጥ ከፍቶ ቢያይ የክር ማስለቀቂያውን ወዲያው ፍሪሲዮን ብሎ ይጠራዋል፤ አይሳሳትምም። ተደራርበው የተቀመጡ ሮንዴላዎች በብሎን ሲጨመቁ ከበሮውን ይይዛሉ፤ ዓሣው ከተወሰነው ኃይል በላይ ሲስብ እየተንሸራተቱ ክሩን ይለቃሉ። የሚታወቀው ልማድ ፍሪሲዮኑን ከክሩ ጥንካሬ ሩብ እስከ ሲሶ ማስተካከል ነው፤ ለ12 ኪሎ ግራም ክር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ይሆናል። ልኩን ለማወቅ የሚንጠለጠል የገበያ ሚዛን በክሩ ጫፍ አስሮ መሳብ ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ፍሪሲዮን የሚይዘው ከበሮውን እንጂ ክሩን አይደለም። ክሩ እየወጣ የከበሮው ስፋት ከ40 ወደ 30 ሚሊ ሜትር ሲቀንስ፣ በተመሳሳይ ጥብቀት ክሩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል በሲሶ ይጨምራል፤ 4 ኪሎ ግራም የነበረው 5.3 ይሆናል። ዓሣው በራቀ ቁጥር ክሩ ለመበጠስ ይቀርባል ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ማጥበቅ የብዙዎች ደመ ነፍስ ነው፤ ስሌቱ የሚያዘው ግን ማላላትን ነው።

የእጅ ክር ከሪል የሚያንሰው በዚህ ነው። ክሩን በመዳፉ ላይ የጠመጠመ ሰው ፍሪሲዮን የለውም፤ ትልቅ ዓሣ ቢስበው እጁ ይቆረጣል፣ አዞ ቢስበው ደግሞ ሰውየው ራሱ ይሄዳል። አዞ የተያዘ ዓሣን ተከትሎ መጥቶ ክሩን ሲይዝ ሪል የያዘ ሰው ፍሪሲዮኑን ከፍቶ ክሩን በቢላ መቁረጥ ይችላል። ስለዚህ ዘንጉን በገመድ ከወገብ ጋር ማሰር፣ በባሕር ዳር የተለመደ ቢሆንም፣ በአባያ ፈጽሞ አይገባም።

ጨው የለም፣ ጭቃ አለ

ለማዕበል ዳር የተሠሩ ውድ ሪሎች ዋጋቸው ከፍ የሚለው ከጨው ዝገት እንዲጠበቁ በሚደረግላቸው ሥራ ነው። አባያ ጨዋማ ባሕር ስላልሆነ ለዚህ መክፈል ትርፍ ወጪ ነው። የአባያ ጠላት በክሩ ላይ ተለጥፎ የሚገባው ደቃቅ ጭቃ ነው። እርጥብ ክር በተጠቀለለ ቁጥር ጭቃው ወደ ከበሮው ይመጣል፤ ደርቆም ዱቄት ሆኖ ወደ ኩሽኔታውና ወደ ማርሹ ይገባል።

ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ክሩን በከበሮው ላይ ግራና ቀኝ እያመላለሰ የሚያስተካክለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ጠመዝማዛ ቦይ ባለው ዘንግና በቦዩ ውስጥ በሚሄድ ትንሽ ምላስ ይሠራል። ቦዩ ክፍት ስለሆነ ጭቃው ግራሶውን ወደ መሞረጃ ይለውጠዋል፤ ምላሱም ይበላል። ይህ ክፍል የሌላቸው ሪሎች አሉ፤ አጥማጁ ሲጠቀልል ክሩን በአውራ ጣቱ ያደላድላል። ልምድ ይጠይቃል፤ ሌሊት ደግሞ ያስቸግራል፤ ግን የሚሰበር ነገር የለውም፤ ለውርወራም የተሻለ ነው። አንድ ሪል በብዙ ሰው እጅ በሚዞርበት የወጣቶች ማኅበር ያለ ምላስ የሆነውን መምረጥ ያዋጣል እላለሁ፤ ሙሉ ሪል የሚያስቆም አንድ ትንሽ መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ወራት ሊፈጅ ይችላልና። በአንጻሩ ብቻውን የሚያጠምድና መሣሪያውን በየዕለቱ የሚያጸዳ ሰው ምላስ ያለውን ቢይዝ ድካሙ ይቀንስለታል።

የቀረው ጥገና የሶዶም ሆነ የተበላ የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ ጠጋኝ ሊሠራው የሚችል ነው። ኩሽኔታዎቹ ስፋታቸውና የቀዳዳቸው ልክ በጎናቸው ባለ ቁጥር የሚታወቅ ተራ ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ቀጭን ዘይት እንጂ ግራሶ አይፈልጉም፤ ግራሶ ከበሮውን ያዘገያልና። ግራሶ የሚገባው ለማርሹ ነው። የፍሪሲዮኑ ሮንዴላዎች ከቆዳ ወይም ከጠነከረ ሱፍ ተቆርጠው ሊተኩ ይችላሉ። ስለዚህ ሲገዛ ከመብረቅረቁ ይልቅ ጎኑ በስንት ብሎን እንደሚከፈት፣ በተራ ካቻቪቴ ይፈታ እንደሆነ መመልከት ይሻላል። ሦስት ብሎን ተፈትቶ ከበሮው የሚወጣለት ሪል በየማታው ይጸዳል፤ ልዩ መፍቻ የሚጠይቅ ግን አንድም ቀን ሳይጸዳ ያረጃል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ወዲህ የማጥመጃ መሣሪያ ዓይነትና የማስገር ፈቃድ በሕግ የሚመሩ ናቸው፤ ክልሎችም የራሳቸውን ድንጋጌ ያወጣሉ። ዘንግ የያዘ ሰው መረብ ካለው ሰው ያነሰ ዓሣ ቢያወጣም ዓሣውን ለሽያጭ የሚያወጣ ከሆነ የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ዘንግ ከመረብ የሚለይበት ሌላ ባሕርይም በዚሁ ይያያዛል። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ያልደረሰውን ቆሮሶ ከደረሰው ጋር ገድሎ ያወጣል፤ ትልቅ መንጠቆ ግን ትንሹን ዓሣ ከመጀመሪያው አይዝም፤ ቢይዝም በሕይወት ሳለ ሊመለስ ይችላል። የመንጠቆው ምላስ በፒንሳ ተጨፍልቆ ቢለሰልስ ማውጣቱ ይበልጥ ይቀላል፤ ክሩ እንደተወጠረ እስከተያዘ ድረስም የሚያመልጠው ዓሣ ብዙ አይሆንም።